ፈተናው አልቆ ካርዱ እስኪደርስ

የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ማጠቃለያ ፈተና ባለቀ ማግስት ወደ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጎራ ብትሉ፣ መምህራኑ ሮስተር ላይ አቀርቅረው ውጤት ሲደምሩ፣ ልጆቹ ሜዳው ላይ ሲሯሯጡ ታገኛላችሁ። አንዳንዶቹ ጭራሽ አልመጡም። «ፈተና አልቋል፤ ምን ሊሠራ ይሄዳል?» ብሎ ልጁን ቤት የሚያስቀር ወላጅ ብዙ ነው። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች የሚጠብቃቸው ሌላ ፈተና ስላለ የእነሱ ነገር ይለያል። ለታችኞቹ ክፍሎች ግን ከፈተናው እስከ ሰኔ 30 ያሉት ቀናት ከዓመቱ ሁሉ የተሻሉ የመማሪያ ቀናት ናቸው ብዬ አምናለሁ። ምዕራፍ ለመጨረስ የሚጣደፍ መምህር፣ ስለ ማርክ የሚጨነቅ ልጅ በእነዚያ ቀናት የለም።

ለክለሳ እንቆቅልሽን የሚያህል ዘዴ አላገኘሁም። ክፍሉን ለሁለት ከፍሎ አንደኛው ወገን ከዓመቱ ትምህርት ጥያቄ እንዲያዘጋጅ ማድረግ ነው። «እንቆቅልሽ!» ሲሉ እነዚያ «ምን አውቅልሽ!» ይላሉ። «አራት እኩያ ወንድማማቾች ነን፤ ስንደመር አንድ ብቻ እንሆናለን» ቢባል መልሱ ሩብ ነው። እንዲህ ያለውን ጥያቄ የፈጠረ የ3ኛ ክፍል ልጅ ክፍልፋይ ገብቶታል። መልሱ ሲጠፋ ያው እንደ ደንቡ «ሀገር ስጠኝ» ይመጣል። እዚህ ላይ አንድ ነገር እጨምራለሁ፦ የሚሰጠው ሀገር ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ካርታ መታየት አለበት። ጎንደርን የሰጠ ልጅ መጀመሪያ ጣናን ፈልጎ ጣቱን ወደ ሰሜን ያነሣል። ጅማን የሰጠች ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምዕራብ ትወርዳለች። ዓመቱን ሙሉ ያን ካርታ ቀና ብሎ ያላየ ልጅ፣ በማግስቱ ማንም የማያውቀውን ሀገር ይዞ ለመምጣት ማታ ቤቱ ቤተሰቡን ሲጠይቅ ያመሻል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ክረምቱ ነው። ሐምሌና ነሐሴ 60 ቀን ናቸው፤ ጳጉሜ 5፣ በየ4 ዓመቱም 6 ቀን ይጨምራል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ገና ማንበብ የጀመረ ልጅ አንዲት ገጽ ሳይገልጥ ሊከርም ይችላል። በብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች መማሪያ መጽሐፉ በውሰት የተሰጠ ስለሆነ በሰኔ ይመለሳል፤ ሌላ መጽሐፍ የሌለበት ቤት ደግሞ ብዙ ነው። ስለዚህ ልጆቹ የራሳቸውን መጽሐፍ ይሥሩ። ከደብተራቸው የተረፉትን ባዶ ወረቀቶች ሰብስበው አጥፈው፣ መሐሉን በመርፌና ክር ይሰፉታል። ከአያታቸው የሰሙትን ተረት በራሳቸው አባባል ይጽፉበታል፣ ሥዕል ይሥሉበታል፣ ሽፋኑ ላይ ስማቸውን ያሰፍራሉ። ከዚያ ይለዋወጣሉ። የጓደኛውን ተረት ይዞ ወደ ቤቱ የሄደ ልጅ በክረምት የሚያነበው ነገር አለው፤ በመስከረም ሲመለስም ለባለቤቱ ያስረክባል።

ሰኔ 30 ሌላም ትርጉም እንዳለው ተማሪ የነበረ ሁሉ ያውቃል። ዓመቱን ሙሉ በመምህር ፍራቻ ያደረ ጠብ «ሰኔ 30 እንገናኝ!» ተብሎ ይቀጠርበታል። ይህን በማስፈራራት ማስቀረት አይቻልም። ክፍሉ ከመካከሉ ሽማግሌዎች ይምረጥ። የተጣሉት ፊት ለፊት ይቀመጡ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥ፤ የበደለ ይቅርታ ይጠይቅ። የ9 ዓመት ልጅ ጋቢ እንደለበሰ ሽማግሌ ረጋ ብሎ «አንተስ ምን አልከው?» ብሎ ሲጠይቅ መስማት ልብ ይነካል። ብዙውን ጊዜ የጠቡ መነሻ አንዲት ላጲስ ሆና ትገኛለች።

የወላጆች በዓል ዕለት ሚኒ ሚዲያው ይከፈታል፣ መዝሙርና ድራማ ይቀርባል፣ ከ1ኛ እስከ 3ኛ የወጡት ተጠርተው ይሸለማሉ። ሽልማቱን አልቃወምም፤ የለፋ ይመስገን። ግን አንድ ዓመት ሥነ ሥርዓቱ አብቅቶ ወንበር ስንሰበስብ አንዲት የ2ኛ ክፍል ተማሪዬ ካርዷን እያገላበጠች መጥታ «ቲቸር፣ እኔ ምንም አልሠራሁም?» አለችኝ። በመስከረም ፊደል እያደናገራት የመጣች፣ በሰኔ አንድ ሙሉ አንቀጽ የምታነብ ልጅ ናት። ካርዷ ላይ የጻፍኩላት ግን «በርቺ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ የመምህር አስተያየት በምትሰፍርባት ጠባብ መስመር ላይ ለእያንዳንዱ ልጅ የእሱን ብቻ እጽፋለሁ። «ተበድሮ መቀነስ ያስቸግረው ነበር፤ አሁን ይችላል።» «የተጣሉ ጓደኞቿን ታስታርቃለች።» 60 ካርድ መጻፍ ሁለት ምሽት ይፈጃል። ለዚህ የምይዘው ማስታወሻ ግን ከፈተና በኋላ ባሉት ቀናት፣ እንቆቅልሹና የመጽሐፍ ስፌቱ መሐል ይሞላል፤ ልጁን በደንብ የማየው ያን ጊዜ ነውና።

ወላጆች፣ እባካችሁ በእነዚህ ቀናት ልጆቻችሁን ላኩልን። ካርዱ ሲደርሳችሁም ደረጃውን ከማየታችሁ በፊት ያቺን የአስተያየት መስመር ልጁ ራሱ ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ።