ከስደት የተወለደ ሰልፍ

የአየርላንድ ሐዋርያ የሚባለው ቅዱስ ፓትሪክ በሚታሰብበት ቀን፣ ይኸውም በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 8፣ ከኒውዮርክ እስከ ሲድኒ የሚኖሩ አይሪሾች አረንጓዴ ለብሰው፣ ሦስት ቅጠል ያላትን ማገጥ ከደረታቸው ሰክተው፣ በማርሽ ባንድ ታጅበው በየሰፈራቸው ሲሰለፉ በቴሌቪዥን የሚያይ የአዲስ አበባ የጌጃ ሰፈር ሰው፣ ነገሩን የፈረንጅ ጨዋታ አድርጎ ቢቆጥረው አይፈረድበትም፤ የባለ በዓሉን ገድል ከሥሩ የጠየቀ እንደሆነ ግን፣ በቤተ ክርስቲያን ሲሰማው ያደገውን ታሪክ የሚመስል ነገር ያገኛል።

ፓትሪክ በትውልዱ አይሪሽ አልነበረም። በ5ኛው መቶ ዘመን በዚያች ደሴት ወንጌልን የሰበከው ይህ ሰው፣ ሮማውያን ይገዟት በነበረችው በብሪታንያ ተወልዶ፣ በ16 ዓመቱ በወንበዴዎች ተማርኮ ወደ አየርላንድ ተወሰደ፤ በዚያም ስድስት ዓመት መንጋ ሲጠብቅ ኖሮ ካመለጠ በኋላ፣ የማረኩትን ሰዎች ሊያስተምር ጳጳስ ሆኖ ተመለሰ። በአክሱም ቤተ መንግሥት በምርኮ ያደገው፣ በእስክንድርያም በቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ተሹሞ የመጣው የእኛው ከሣቴ ብርሃን አባ ሰላማ፣ አንድ መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ የሄደው በዚሁ ጎዳና ነበር። ማገጧም ፓትሪክ ምሥጢረ ሥላሴን አስተማረባት ተብሎ ስለሚተረክላት ነው የምትሰካው።

ሰልፉ ግን የፓትሪክም የአየርላንድም ሥራ አይደለም። በዚያው በአየርላንድ ቀኑ የቅዳሴ ቀን ነበር፤ በዐቢይ ጾም መካከል ስለሚውልም ለዚያች ዕለት ብቻ ሥጋ ይፈቀድ ነበር (ይህን ለልደታ ቤተ ክርስቲያን ካህናት መንገር ደፋርነት ይጠይቃል)። በኒውዮርክ መንገድ እ.ኤ.አ. በ1762 የተሰለፉት በእንግሊዝ ጦር ውስጥ የሚያገለግሉ አይሪሽ ወታደሮች ነበሩ፤ ሰልፉ የሕዝብ የሆነው ግን እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ ደዌ በአየርላንድ የድንቹን ሰብል አጥፍቶ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረሃብ ካለቀና ከዚያ የሚበልጠው ባሕር ተሻግሮ ከተሰደደ በኋላ ነው። በ1977 ዓ.ም. ስለ እኛ ረሃብ ዘፋኞችን የሰበሰበው ቦብ ጌልዶፍ የዚህች አገር ልጅ ነው።

ስደተኞቹ በቦስተንና በኒውዮርክ ድሆች በመሆናቸውም፣ በፕሮቴስታንቶች መካከል ካቶሊኮች በመሆናቸውም ተንቀው ስለነበር፣ የታመመውን የሚረዱበትና የሞተውን የሚቀብሩበት ማኅበር አቋቋሙ፤ እኛ እድር እንደምንለው ማለት ነው። መጋቢት 8 ሲደርስ እነዚህ ማኅበሮች እያንዳንዳቸው ዓርማቸውን ይዘው ወደ አደባባይ ወጡ፤ ብዛታቸውንም ያየ ፖለቲከኛ ሁሉ፣ ትናንት የናቃቸውም ጭምር፣ ከሰገነት ላይ ቆሞ እጁን ማወዛወዝ ተማረ። ደብሊን የመንግሥት ሰልፍ ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው፤ ለብዙ ዓመታትም በዚያ ቀን መጠጥ ቤቶቿን በሕግ ትዘጋ ነበር። የዛሬው ጭፈራ እንግዲህ ስደተኞቹ ለእናት አገራቸው መልሰው የላኩላት ነው።

ለዚህ ሰልፍ በእኛ ዘንድ የሚቀርበው፣ በእኔ አስተያየት፣ መንግሥት የሚያዘጋጀው የዐደባባይ በዓል ሳይሆን፣ ማንም ሳያዝዘው ጎረቤት ለጎረቤት ተጠራርቶ የሚያከብረው የግንቦት ልደታ ነው። ሊቃውንት በባሕረ ሐሳብ እንደሚቆጥሩት ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ስለሆነ፣ ግንቦት 1 የጸደይ በዓል ናት፤ ሐናና ኢያቄም ወደ ሊባኖስ ተራራ ሸሽተው ሳለ እመቤታችን ከሰማይ በታች ጣሪያ በሌለበት ተወለደች ስለሚባል፣ ዝክሩ ከቤት ውስጥ አይበላም። በጌጃ ሰፈርና በአካባቢው እናቶች መዋጮ ይሰበስባሉ፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ቡናው በደጅ ይፈላል። ካህናት ከበዓሉ ጋር የተዳበለውን የአድባር ልማድ ይነቅፋሉ፤ ነቀፋቸውም ትክክል ነው፤ ንፍሮውን ግን ማንም አይነቅፍም።

የልደታ ክፍለ ከተማ አሮጌ መንደሮች ፈርሰው ፎቅ ከበቀለባቸው ወዲህ፣ በደጃፍ ይተዋወቅ የነበረው ሕዝብ በከተማዋ ዳርቻ ባሉ ኮንዶሚኒየሞች ተበትኗል፤ በአራተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ ደጅ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ በግንቦት ልደታ ድስቱ ደረጃውን ወርዶ በሕንጻዎቹ መካከል ባለው ባዶ ቦታ ይጣዳል፤ ከየሰፈሩ የመጡት፣ ገና ስም ለስም ያልተዋወቁት ሰዎችም፣ መዋጮው ስንት ይሁን በሚለው ክርክር ትውውቃቸውን ይጀምራሉ።