የስደተኛ ቃልና የዘመን አቆጣጠር

ከጎንደር ከተማ ወይም ከሰሜን ጎንደር ደጋ ተሰዶ በባዕድ አገር ጥገኝነት የሚጠይቅ ሰው ብዙውን ጊዜ ከራሱ ቃል በቀር የረባ ማስረጃ ስለማይዝ፣ ጥያቄው የሚጸናውም የሚወድቀውም በተአማኒነቱ፣ ማለትም የተናገረው ይታመናል ወይስ አይታመንም በሚለው ሚዛን ነው። የመጀመሪያው ወሳኝ አካል «ቃሉ እርስ በርሱ ይጋጫል» ብሎ ጥያቄውን ውድቅ ካደረገ በኋላ ይግባኝ የሚቀርብለት ክፍል ሊያጣራ የሚገባው ግጭቱ በእርግጥ ከሐሰት የመነጨ መሆኑን ነው።

የካናዳ ፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1979 ማልዶናዶ በተባለው ጉዳይ፣ በመሐላ የተሰጠ ቃል የሚያጠራጥር ምክንያት እስካልተገኘ ድረስ እውነት ተብሎ እንደሚገመት ወስኗል። በአሜሪካ ግን እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ሕግ ዳኛው ከአቤቱታው ዋና ነጥብ ጋር የማይገናኝ አለመጣጣምን እንኳ፣ ከአጠቃላይ ሁኔታው ጋር እያገናዘበ እንዲመዝን ይፈቅዳል። እ.ኤ.አ. ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ የሚሠራው የካናዳ የስደተኞች ይግባኝ ክፍል በአብዛኛው የሚወስነው አመልካቹን ዳግም ሳይሰማ መዝገቡን መርምሮ ነው፤ አዲስ ማስረጃ የሚቀበለውም በመሠረቱ ከመጀመሪያው ውሳኔ ወዲህ የተገኘ ወይም ቀድሞ ሊቀርብ ያልቻለ ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ በመዝገቡ ውስጥ የተቀበረ የትርጉም ስሕተት ሳይታረም ከቀረ አመልካቹን እስከ ይግባኙ ይከተለዋል።

ከእነዚህ ስሕተቶች አደገኛው የቀን ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ታሰርኩ ያለ የደባርቅ ሰው ዘመኑ ሲቀየር በሰባት ዓመት ልዩነት 2023 ይሆንለታል፤ በጥር 2016 ተፈታሁ ሲል ግን ልዩነቱ ስምንት ዓመት ስለሆነ ትክክለኛው 2024 ነው፤ አስተርጓሚው ሁለቱንም በሰባት ካሰላ ሰውየው ከመታሰሩ በፊት የተፈታ ሆኖ ይጻፋል። በአገሬው ሰዓት ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ወታደሮች ቤቴ ገቡ ያለም፣ ንግግሩ ቃል በቃል ከተተረጎመ፣ ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ይመዘገባል። ቀኑን በቁጥር ሳይሆን «ለጥምቀት ማግሥት» ወይም «ለሚካኤል ሳምንት ሲቀረው» እያለ የሚያስታውስ ገበሬ፣ በመርማሪው ግፊት የገመተውን ቁጥር በኋላ ቢያርም፣ ይህ እርማት የውሸት ምልክት አይደለም።

የአስተዳደር ወሰን መቀየሩም ሌላ ወጥመድ ነው። የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞን በቅርብ ዓመታት በሰሜን፣ በማዕከላዊና በምዕራብ ጎንደር ተከፍሎ ወገራ በማዕከላዊ ጎንደር በኩል ስለተቆጠረ፣ በቀድሞ መታወቂያው «ሰሜን ጎንደር» ተብሎ በአዲሱ «ማዕከላዊ ጎንደር» የተባለ ወገሬ የተወለደበትን አልቀየረም። ስሙም ከአባቱ ስም ጋር እንጂ ከቤተሰብ መጠሪያ ጋር ስለማይያዝ፣ ባልና ሚስት የተለያየ ስም መያዛቸው ጋብቻቸውን ሊያስጠረጥር አይገባም።

የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣው መመሪያ፣ አመልካቹ ያለውን ማስረጃ ሁሉ ካቀረበና ቃሉ በጥቅሉ የሚታመን ከሆነ፣ የቀረው ጥርጣሬ ለእርሱ እንዲተረጎምለት ይመክራል።

ጉዳዩ ጎንደሬዎች ባዕድ ሆነው የሚቆሙበት ብቻ አይደለም። በደባት አቅራቢያ በአለምዋጭ መጠለያ ኤርትራውያን ስደተኞች ይኖራሉ፤ በኢትዮጵያም በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ጥያቄው ውድቅ ለሆነበት ሰው ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አቋቁሟል። ኤርትራ በመንግሥት ሥራ የምትጠቀመው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ነው፤ ስለዚህ ከአስመራ የመጣ ሰው 2016 ሲል የትኛውን ዘመን ማለቱ እንደሆነ ጠይቆ መመዝገብ የመጀመሪያው ጠያቂ ሥራ ነው፤ ይህ ካልተደረገም ጉባኤው ቃሉን ከመጠራጠሩ በፊት መዝገቡ እንዲጣራ ማዘዝ ይኖርበታል።