በአቡርማ ድንጋይ ላይ ቀጭኔ ምን ይሠራል?

ከጅቡቲ ከተማ ተነሥተን አቡርማን ለማየት ብንሻ የታጁራን ባሕረ ሰላጤ በጀልባ መሻገር፣ አለዚያም ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ያህል ዝቅ ባለው በአሳል ሐይቅ አቅጣጫ በመኪና መዞር ይኖርብናል። የመጨረሻው መንገድ ግን የእግር ነው። ያለ አፋር መሪና ያለ በቂ ውሃ የሚሞከር አይደለም።

በዚህ ደረቅ ሸለቆ በጥቁሩ የባዛልት ድንጋይ ላይ ቀጭኔ፣ ሰጎን፣ ከብትና ግመል ተቀርጸው ይገኛሉ። ተማሪዎች ሆይ፣ ቀጭኔ የዛፍ ቅጠል በሊታ መሆኗን አስቡ! ዛሬ በጅቡቲ በረሃ ቀጭኔ የለችም። ከ11,000 እስከ 5,000 ዓመታት ገደማ በፊት ግን የአፍሪቃ ሰሜንና ምሥራቅ ከአሁኑ የበለጠ ዝናብ ያገኝ ነበር፤ የአሳልና የአቤ ሐይቆችም እጅግ ከፍ ያሉ ነበሩ። ግመል ወደዚህ አካባቢ የገባው ከዚያ ብዙ ዘግይቶ ስለ ሆነ፣ ቅርጾቹ ሁሉ የአንድ ዘመን ሥራ ሊሆኑ አይችሉም።

ሌላም ምስክር አለ። ድንጋዩ ሲፋቅ ነጣ ያለ ውስጡ ይታያል፤ ዘመን ሲቈጠር ግን መልሶ ይጠቁራል። ስለዚህ የጠቆረው ቅርጽ አብዛኛውን ጊዜ የቀደመው ነው። ፎቶግራፍ ጎልቶ እንዲወጣ በማለት ቅርጹን በጠመኔ የሚያደምቅ ጎብኚ ይህንኑ ማስረጃ ያበላሻል፤ ጠመኔ ከእጃችን የማይለይ እኛ መምህራንም ብንሆን! ፀሐይ በጎን በምትመታበት በማለዳ ወይም ወደ ማታ ላይ ብንደርስ ጥላው ራሱ መስመሩን ያወጣልናል።