በትራስ ላይ የተጠለፉ ሦስት ፊደላት

ትራስ ሲባል መቼም ቶሎ የሚታየን አልጋ ነው። በደቡብ ስዊድን፣ በስኮኔ ግዛት የነበሩ ገበሬዎች ግን የተዋበውን ትራሳቸውን የሚያወጡት ለጋሪ ነበር። ሠርግ ወይም በዓል ሲሆን ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚሄደው ጋሪ መቀመጫ ላይ ይደረጋል። በአካባቢው አነጋገር «አገዲና» ይባላል፣ የጋሪ ትራስ ማለት ነው። ርዝመቱ አንድ ሜትር፣ ወርዱ ግማሽ ሜትር ያህል ስለሆነ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ዛሬ በየሙዚየሙ የሚገኙት አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. ከ1750 እስከ 1850 ባለው ጊዜ የተሠሩ ናቸው።

የትራሱ ልብስ ፊቱ በሽመና ወይም በጥልፍ ያጌጣል። ጀርባው የሚያየው ስለሌለ ተራ ጨርቅ ወይም ቆዳ ነው። በጥልፍ የተሠራው ብዙውን ጊዜ ጠቆር ባለ የሱፍ ጨርቅ ላይ በቀለም በተነከረ የሱፍ ክር አበባ፣ ወፍ፣ አጋዘን፣ አንበሳ፣ አንዳንዴም አዳምና ሔዋን ከነዛፋቸው ይወጡበታል። ጠላፊዎቹ ባዶ ቦታ አይወዱም፤ በሁለት አበባ መካከል ትንሽ ክፍተት ከተገኘች ወፍ ትገባባታለች!

ሥራው የሴቶች ነው። ልጃገረዷ ከማግባቷ በፊት ተዘጋጅቶ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። እንግዲህ ጋሪው ሲያልፍ የሙሽራዋን ሙያና የቤተሰቧን ሀብት መንደሩ ሁሉ ያያል።

ለእኔ ከጥልፉ ሁሉ የሚበልጡት ግን ብዙ ትራሶች ላይ የሚታዩት ፊደላትና ዓመተ ምሕረት ናቸው። «ኤ.ፒ.ዲ.» የሚል ቢሆን የመጀመሪያው የሴቲቱ ስም ነው፣ ኤልና እንበል። ሁለተኛው የአባቷ የፔር ሲሆን ሦስተኛው «ዶተር»፣ ሴት ልጅ ማለት ነው። በዚያን ዘመን የስዊድን ገጠር ሰው ልክ እንደኛ በአባቱ ስም ይጠራ ስለነበር ሴቷ ብታገባም ስሟ አይቀየርም። በዚያ ላይ በ1686 የወጣው የቤተ ክርስቲያን ሕግ ካህናቱ የአጥቢያቸውን ልደትና ጋብቻ እንዲመዘግቡ ያዝዛል። ስለዚህ ትራሱ የየት አጥቢያ እንደሆነ ከታወቀ ፊደላቱና ዓመቱ እስከ ባለቤቷ ድረስ ሊያደርሱን ይችላሉ። አጥቢያው ከጠፋ ግን ነገሩ አለቀ፤ የፔር ልጅ ኤልና የምትባል ሴት ስኮኔ ውስጥ ስንትና ስንት ነበረች።

ከ1803 ወዲህ በወጣው የመሬት ሕግ የገበሬው ብጥስጣሽ ማሳ አንድ ላይ ሲጠቃለል ብዙ ቤቶች ከመንደር ወጥተው በየእርሻቸው ተተከሉ። የፋብሪካ ጨርቅም መጣ። ትራሱ እያረጀ፣ ፋሽኑም እያለፈበት ሄደና በክፍለ ዘመኑ ሁለተኛ አጋማሽ ነጋዴዎችና ሰብሳቢዎች ይገዙት ጀመር። ከነጋዴ እጅ ሙዚየም የገባ ትራስ ብዙ ጊዜ ከየት ቤት እንደወጣ አይታወቅም። ጥልፉን አድኖ የጠላፊዋን ስም መጣል ይሉሃል ይሄ ነው።

ይህን ጉድለት በከፊል ያካካሰችው ሊሊ ዚከርማን ናት። ከ1914 ጀምሮ በስዊድን ገጠር እየተዘዋወረች ሕዝቡ እጅ ያለውን ጨርቃ ጨርቅ አስመዘገበች፤ ወደ 24,000 የሚጠጉ ፎቶግራፎችም ተሰበሰቡ። ፎቶዎቹ ጥቁርና ነጭ ስለነበሩ በእጅ ቀለም ተቀብተዋል፣ ከነሱም ጋር ዕቃው የተገኘበት ቦታ ተጽፏል።