ውሻ ማደንዘዣ ከመወጋቱ በፊት ለምን ይጾማል?

ውሻችሁ ነገ ቀዶ ሕክምና አለው እንበል። ጠዋት ትንሽ እንጀራ ብትሰጡት ምን ይሆናል?

ምግብና አየር ሁለቱም በጉሮሮ ያልፋሉ። ሲዋጥ የአየር ቧንቧው አፍ ራሱን ይዘጋል። ማደንዘዣ ግን ይህን መዝጊያ ያስተኛዋል። ያኔ ውሻው ካስመለሰ ምግቡ ወደ ሳንባ ይገባል፤ ሊገድለውም ይችላል። ዛይላዚን የሚባለው ማረጋጊያ መድኃኒት ደግሞ ራሱ ውሻን ያስመልሳል። ስለዚህ ያደገ ውሻ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ምግብ አይሰጠውም። ቡችላ ግን የደሙ ስኳር ቶሎ ስለሚወርድ የሚጾመው ለአጭር ሰዓት ነው።

እንደ መተማ ባለ ቆላ ሌላም ጣጣ አለ፦ ሙቀቱ። በመጋቢትና በሚያዝያ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ የጤነኛ ውሻ ሰውነት ግን 38 እና 39 ዲግሪ አካባቢ ነው። ውሻ እንደኛ አያልበውም፤ ራሱን የሚያቀዘቅዘው በዋናነት በማለክለክ ነው። የደነዘዘ ውሻ ደግሞ በደንብ አያለከልክም። ራዲያተሩ እንደተበላሸ መኪና አስቡት።

እና ምን እናድርግ?

• ቀጠሮውን በማለዳ አድርጉት።
• ውሃ ሌሊቱን ሙሉ አትከልክሉት፤ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጠጣ ሐኪሙን ጠይቁ።
• መድኃኒቱ የሚሰላው በኪሎ ነው። ውሻውን ታቅፋችሁ ሚዛን ላይ ውጡ፣ ከዚያ ብቻችሁን፤ ልዩነቱ የእሱ ክብደት ነው።
• ቤት ሲመለስ ጥላ ውስጥ አስተኙት፤ በደንብ ሳይነቃ ምንም አታጉርሱት።

ሌሊት ሰርቆ በልቶ ከሆነ ደግሞ ሳትደብቁ ለሐኪሙ ንገሩ። ቀጠሮው ለሌላ ቀን ይዛወራል፣ በቃ።