ላፕቶፑ ፎርማት ከተደረገ በኋላ ፋይሉ ይገኛል?

የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ በተቃረበ ቁጥር በመካከላችን የሚደጋገም አንድ ጭንቀት አለ። ተማሪው የላፕቶፑን ፓስዎርድ ይረሳል፤ ከጉብሬ ተሳፍሮ ወልቂጤ ጥገና ቤት ይወስደዋል፤ «ፎርማት መደረግ አለበት» ይባላል፤ እሺ ይላል። ማታ ዶርም ገብቶ ሲከፍተው ዊንዶውሱ አዲስ፣ ዴስክቶፑ ባዶ ነው። ቡታጅራ ድረስ ሄዶ ቤት ለቤት የሰበሰበው ዳታ የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። ፓስዎርድ መርሳት ፋይል አያጠፋም፤ የሚያጠፋው ፎርማቱ ነው። ላፕቶፑ የሚከፈተው በማይክሮሶፍት አካውንት ከሆነ ፓስዎርዱን በስልክ ኢንተርኔት መቀየር ይቻላል። ካልሆነም ዲስኩ ቢትሎከር በሚባለው ቁልፍ እስካልተመሰጠረ ድረስ ኡቡንቱ በተጫነበት ፍላሽ ኮምፒውተሩን አስነስቶ፣ ወይም ሃርድ ዲስኩን ፈትቶ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ ፋይሉን መገልበጥ ይቻላል። ስለዚህ ባለሙያውን «ከፎርማት በፊት ፋይሌን አውጣልኝ» በሉት። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ካልተጠየቀ ግን ብዙው አያደርገውም።

ፎርማቱ አንዴ ከተደረገስ? ወዲያውኑ ላፕቶፑን መጠቀም አቁሙ። ምክንያቱን በቤተ መጻሕፍት እንመስለው። ኮምፒውተር ፋይል ሲሰርዝ በአብዛኛው የሚቀደደው የመጽሐፉ ካርድ ነው፤ መጽሐፉ ሌላ እስኪተካበት መደርደሪያው ላይ ይቆያል። ፊልም መገልበጥ፣ ኦፊስ መጫን፣ ዊንዶውስ አፕዴት ማድረግ ሁሉ በዚያ መደርደሪያ ላይ አዲስ መጽሐፍ ማስቀመጥ ነው። የጠፋ ፋይል የሚፈልገውን ፕሮግራም ራሱን እዚያው ዲስክ ላይ መጫንም ያው ነው፤ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ሲ ድራይቭ ውስጥ «ዊንዶውስ ኦልድ» የሚል ፎልደር ካለ እዩ። ዊንዶውሱ ዲስኩ ሳይጸዳ በላዩ ላይ ከተጫነ የድሮው ዶክመንትና ዴስክቶፕ በዚያ ውስጥ፣ «ዩዘርስ» በሚለው ስር ይገኛል። ግን ዊንዶውስ 10 ይህን ፎልደር በተለምዶ ከ10 ቀን በኋላ ራሱ ስለሚሰርዘው ሳምንቱን አታሳልፉ። ዲ ድራይቭ ካላችሁም እሱን ተመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ የሚጸዳው ሲ ብቻ ነው።

ከዚያ ካጣችሁት ሃርድ ዲስኩን ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አገናኝታችሁ ሬኩቫ ወይም ፎቶሬክ በሚባሉት ፕሮግራሞች ፈልጉ፤ ሁለቱም በነጻ ይገኛሉ። የተገኘውን ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጡ። ፎቶሬክ ፋይሉን ቢያገኝም ስሙን ስለማይመልስ በቁጥር የተሰየሙ መቶዎችን እየከፈታችሁ ማየት ሊኖርባችሁ ይችላል። ሶብር ይጠይቃል።

የማይሆንበትም ጊዜ አለ። አዳዲሶቹ ላፕቶፖች የሚይዙት ኤስኤስዲ የተሰረዘውን ቦታ ራሱ ቶሎ ስለሚያጸዳ ተስፋው ጠባብ ነው። ቢትሎከር የነበረበት ዲስክ ፎርማት ከተደረገ ደግሞ የሚገኘው ትርፍራፊ የተመሰጠረ ነው። ባለ 48 አኃዙ የመክፈቻ ቁጥር በማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ተቀምጦ ሊሆን ስለሚችል መፈለግ የነበረበት ከፎርማቱ በፊት ነው። ያኔ ወደ ሌላ በር ሂዱ፤ ለአማካሪያችሁ በኢሜይል የላካችሁት ረቂቅ፣ ቴሌግራም ላይ ለቡድን ጓደኛ የላካችሁት ፋይል፣ ማተሚያ ቤት የወሰዳችሁት ፍላሽ። በወረቀት የተሞላውን መጠይቅ ያልጣለ ደግሞ ዳታውን እንደገና ማስገባት ይችላል።

ስለ አማና አንድ ነገር እንጨምር። ፋይል ሲፈለግ የቤተሰብ ፎቶም አብሮ ይወጣል፤ ጥናታችሁ የጤና ከሆነም የሰዎች ምስጢር ይወጣል። ስለዚህ የሚቻል ከሆነ አብራችሁ ቁጭ በሉ። እህቶች ሥራውን ከምታውቅ እህት ጋር ቢያደርጉት ይሻላል። የተገኘው ፋይል ወደ ፍላሻችሁ ከተገለበጠ በኋላ በጥገና ቤቱ ኮምፒውተር ላይ የቀረውን ቅጂ እዚያው ቆማችሁ አስጠፉ፤ ሪሳይክል ቢኑንም ጨምሮ።