ጦርን ከጦር ስለ መለየት

ዲሲ ኮሚክስ የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ1981 ‹ኦል ስታር ስኳድሮን› የተሰኘ ሥዕላዊ ታሪክ በየወሩ ማውጣት ጀመረ። እስከ 1987 ድረስ 67 ቁጥሮች ታትመዋል። ደራሲው ሮይ ቶማስ ሲሆን፣ ታሪኩ የሚጀምረው ጃፓን ፐርል ሀርበርን በመታችበት በ1941 መጨረሻ ነው። ይህን የመሰለ ጽሑፍ ለመተርጐም ቀላል ይመስላል፤ ንግግሩ አጭር፣ ሥዕሉም አጋዥ ነውና። ይሁን እንጂ ታሪኩ በሙሉ የቆመበት አንድ ስም አማርኛን ክፉኛ ይፈትናል።

ደራሲው አንድ ጥያቄ መመለስ ነበረበት። ሱፐርማንን የመሰለ ኃይለኛ ፍጡር ካለ፣ በርሊንን በአንድ ቀን ያልያዘው ስለ ምንድን ነው? መልሱ ከተፈጥሮ በላይ የሆነ ነው። ሂትለር የክርስቶስ ጎን የተወጋበት ነው የሚባለውን መሣሪያ በእጁ አድርጎ በኃይሉ ግዛቱን አጠረ፤ ኃይሉ ከአስማት የመነጨ ወይም አስማት የሚረታው ጀግና ወደዚያ ቢገባ የጠላት ታዛዥ ይሆናል። ልብ ወለዱ ከእውነተኛ ቅርስ የተነሣ ነው። በቪየና የሚገኘውን፣ በዚሁ ስም የሚጠራውን ቅርስ ናዚዎች በ1938 ወደ ኑረምበርግ ወስደውት፣ በ1946 ወደ ቪየና ተመልሷል።

እንግሊዝኛው መሣሪያውን ‹ስፒር ኦቭ ዴስቲኒ› ይለዋል። እኛም በመጀመሪያው ረቂቃችን ያለ ብዙ ማሰብ ‹የዕጣ ፈንታ ጦር› ብለን ነበር። በአማርኛ ጦር የሚወረወረው መሣሪያ ነው፤ ሠራዊቱም ነው፤ ውጊያውም ነው። ‹ሂትለር ጦሩን ወደ ምዕራብ አዞረ› የሚል ንግግር ያነበበ ሰው ክፍለ ጦሮች ሲንቀሳቀሱ እንጂ አንድ አሮጌ የብረት ስለት አይታየውም። መሣሪያው በሥዕሉ ላይ ከታየ ስሕተቱ ይታረማል፤ ግን በብዙ ገጽ የሚታየው የተናጋሪው ፊት ብቻ ነው።

‹የለንጊኖስ ጦር› ብንልስ? የወጊውን ስም ለሚያውቅ ምእመን ይበቃል። ለማያውቀው ግን ‹የሮሜል ጦር› እንደ ማለት ይሆንበታል፤ ጦር ከሰው ስም ጋር ሲዛረፍ አስቀድሞ የሚሰማው ሠራዊት ነውና። ስለዚህ የግእዙን ኵናት መርጠናል፦ በመጀመሪያ ሲጠራ ‹ኵናተ ለንጊኖስ›፣ ከዚያ በኋላ ‹ኵናቱ›። (ይኸው ቃል በትግርኛ ጦርነት ማለት ስለሆነ፣ ወደ ትግርኛ የሚተረጕመው ባልደረባችን ከእኛ መፍትሔ የሚያተርፈው የለም።)

‹ዴስቲኒ› የሚለውን መተዋችን ኪሳራ መሆኑን አንክድም። እንግሊዝኛው የያዘው ሰው የዓለምን ዕጣ ይይዛል የሚለውን እምነት በስሙ ውስጥ አኑሮታል። ነገር ግን ‹ዕጣ› ከኵናት አጠገብ ሲቀመጥ በልብሱ ላይ ዕጣ የተጣጣሉትን ወታደሮች ያስታውሳል፤ በታሪኩ ውስጥ ደግሞ ዶክተር ፌት የሚባል ጀግና ስላለ፣ ስሙ ከተተረጐመ መሣሪያው የእርሱ ንብረት ይመስላል። እምነቱን ከተናጋሪዎቹ አንዱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ቢናገረው ይሻላል።

ስለ ጀግኖቹ መጠሪያ ብዙ አንልም። ‹ልዕለ ኃያል› ለታላላቅ መንግሥታት ስለ ተያዘ በጦርነት ታሪክ ውስጥ ያደናግራል፤ ‹ልዕለ ጀግና› ይሻላል፤ ምንም እንኳ ጀግና ሞትን የሚደፍር ሟች ሰው እንጂ ጥይት የማይበሳው ባይሆንም።

የሚቀረው በ1940 የተፈጠረው ስፔክተር ነው፦ ተገድሎ ሳለ ወንጀልን እንዲበቀል ወደ ምድር የተመለሰ መርማሪ ፖሊስ። ‹መንፈስ› ያለ ቅጽል ወይ ቅዱስ ወይ ርኩስ ይሆናል፤ ‹ሙት መንፈስ› ወደ ጠንቋይ ቤት ይወስደናል። ደቀ መዛሙርት በባሕር ላይ የሚራመደውን ሲያዩ የፈሩት ‹ምትሐት› በትርጕም እጅግ ይቀርባል፤ ዛሬ ግን ቃሉ ዐይን ማታለልን ስለሚያሰማ፣ ይህ ባለታሪክ ደግሞ በእውነት የሚቀጣ ስለሆነ፣ ለጊዜው ስሙን እንዳለ ‹ስፔክተር› ብለን ጽፈነዋል።